ለሕፃናት የወራትን መለዋወጥ ስለ ማስተማር

ሕፃን ልጅ ዝናም ከወዴት እንደሚመጣ፥ ፀሐይስ በክረምት ለምን እንደምትሰወር ደጋግሞ ይጠይቃል። ብዙዎቻችንም «ስታድግ ታውቀዋለህ» ብለን እናልፈዋለን። ይህ መልስ ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስተምረውም።

ከውጭ አገር ቋንቋ በተመለሱት የሕፃናት መጻሕፍት «ክረምት» የሚባለው በረዶ ምድርን የሚሸፍንበት ወራት ነው። በሐይቅና በአምባሰል ለተወለደ ልጅ ግን ክረምት የዝናምና የልምላሜ ጊዜ ነው፤ ከእርሱም በፊት ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቅ የበልግ ዝናም አለ። ስለዚህ ልጁ መጽሐፉን ከማንበቡ አስቀድሞ ደጁን ማንበብ ይገባዋል።

መንገዱም ቀላል ነው። በግቢው ውስጥ አንድ ክንድ ችካል ቀጥ አድርጎ ተክሎ፥ የቀትሩ ጥላ የደረሰበትን በየወሩ በጠጠር ማመልከት ነው። በታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን ወድቆ ሁለት ሲሶ ክንድ ያህል ይሆናል። ከዚያም እያጠረ ሄዶ በሚያዝያ 12 ቀን ገደማ ከችካሉ ሥር ይገባል፤ በሰኔ ግን ወደ ደቡብ ዞሮ ይገኛል። ልጁ ይህን አይቶ ሲደነቅ፥ ፀሐይ በራሳችን ላይ አልፋ ወደ ሰሜን እንደ ሄደች፥ ዝናም ያዘለውም አየር ዘግየት ብሎ እንደ ተከተላት ቢነግሩት በቶሎ ያስተውላል።

ሁለተኛው መምህር ሐይቁ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ስለማይታይ፥ ውኃው በዝናም ይሞላል፥ በበጋም እየተነነ ይጎድላል። አባቱ እጁን ይዞ ወደ ዳር ቢወስደውና ውኃው የደረሰበትን በድንጋይ ላይ ቢያስመለክተው፥ ልጁ በሚቀጥለው ወር ልዩነቱን ራሱ ይናገራል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ምድርም ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል። በዚህም ተፈጥሮ በወራት ብቻ ሳይሆን በዘመናትም እንደሚለወጥ ይማራል።

ይህ ነገር የልጅ ጨዋታ ብቻ አይምሰለን። በ1964 ዓ.ም. ክረምቱ፥ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ በጎደለ ጊዜ በወሎ ብርቱ ረኃብ ሆነ። የሰማዩን መለወጥ ገበሬው አስቀድሞ አይቶት ነበር፤ በጽሕፈት ቤት የተቀመጡት ግን ዘግይተው ሰሙት። ዛሬ በደጁ ጥላ የሚለካ ልጅ ነገ ሹም በሆነ ጊዜ፥ «በልጉ ቀረ» ቢሉት ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ስለዚህ ወላጆች ሁሉ ችካሉን በዚህ ሳምንት እንዲተክሉ እናሳስባለን።