ከመፈረም በፊት ማስላት፦ ስለ አነስተኛ ብድር

 በየማስተማሪያ ጣቢያው የተሰበሰባችሁ ተማሪዎችና አስተማሪዎች፣ ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ አነስተኛ ብድር ነው። ማንበብና ማስላት የምንማረው ለኑሯችን ስለሆነ፣ ዛሬ ሁለቱንም በአንድ የብድር ውል ላይ እናውላቸዋለን።

በመጀመሪያ፣ ድሃ ሰው ከባንክ መበደር ለምን ያቅተዋል? ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ ድሃው ደግሞ የሚያስይዘው ቤት የለውም። በዚያ ላይ ለትንሽ ብድር የሚወጣው ድካምና ወረቀት ለትልቅ ብድር ከሚወጣው ብዙም አያንስም። ስለዚህ ባንኩ ትንሹን አይፈልገውም። የቸገረው ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ አራጣ አበዳሪ ነዋ!

ይህን ችግር በቅርብ ካዩት አንዱ በባንግላዴሽ አገር በቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ትምህርት ያስተምሩ የነበሩት መሐመድ ዩኑስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአገራቸው ረሀብ ከገባ በኋላ፣ ጆብራ ወደምትባል ጎረቤት መንደር እየሄዱ የሰውን ኑሮ አጠኑ። ከቀርከሃ መቀመጫ የምትሠራ አንዲት ሴት ለቀርከሃው መግዣ ከነጋዴ ትበደራለች። ነጋዴው ግን የሠራችውን ሁሉ እሱ በወሰነው ዋጋ ለእሱ ብቻ እንድትሸጥ ያስገድዳታል። ለእሷ የሚተርፋት ከእጅ ወደ አፍ ነበር። እንዲህ ያሉ ባለዕዳዎች ሲቆጠሩ 42 ሆኑ፤ የሁሉም ዕዳ አንድ ላይ ቢደመር 27 የአሜሪካ ዶላር ብቻ! መምህሩ ከኪሳቸው ከፈሉላቸው። ከዚያ የተነሣው ሥራ በ1983 ግራሚን ባንክ ሆነ፤ በ2006 ባንኩና መሥራቹ የኖቤልን የሰላም ሽልማት አገኙ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አምስት ሰዎች ቡድን ይመሠርታሉ። መጀመሪያ ሁለቱ ይበደራሉ፤ እነሱ በደንብ ሲከፍሉ የሌሎቹ ተራ ይደርሳል። በመያዣው ፈንታ የጓደኛ ዓይንና ይሉኝታ ይሠራል ማለት ነው። በእኛም አገር በ1988 ዓ.ም. አዋጅ ከወጣ ወዲህ የአነስተኛ ብድርና ቁጠባ ተቋማት በየገጠሩ ተስፋፍተዋል፤ ብዙዎቹም በቡድን ዋስትና አበድረዋል።

ታዲያ ብድር ድህነትን ያጠፋል? ይህን ለማወቅ ተመራማሪዎች ብድሩ የገባበትንና ያልገባበትን ቦታ እያነጻጸሩ አጠኑ። በብዙዎቹ ጥናቶች ብድሩ ቀድሞ የሚገባበት ቦታ በዕጣ ተለየ። ዕጣ ለምን አስፈለገ? ተበዳሪው ዱሮውንም ጠንካራ ሠራተኛ ከሆነ፣ ኑሮው የተሻሻለው በብድሩ ይሁን በጉብዝናው አይለይማ! በ2015 ከኢትዮጵያ፣ ከህንድ፣ ከሞሮኮ፣ ከሜክሲኮ፣ ከሞንጎሊያና ከቦስኒያ የተገኙ ስድስት ጥናቶች በአንድነት ታተሙ። የኢትዮጵያው በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች የተካሄደ ነበር። ውጤቱ ምን አለ? ብድር አንዳንዱን ሥራውን እንዲያሰፋ ረድቷል፤ ነገር ግን የአብዛኛውን ቤተሰብ ገቢ ከፍ አድርጎ ከድህነት አላወጣም።

እንዲያውም ብድር ሲበዛ ያንቃል። በህንድ አገር በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት ሰዎች የአንዱን ዕዳ ከሌላው እየተበደሩ ይከፍሉ ነበር። በ2010 ራሳቸውን ያጠፉ ባለዕዳዎች መኖራቸው ተዘገበ፤ የግዛቱ መንግሥትም አበዳሪዎችን የሚገድብ ደንብ አወጣ።

እንግዲህ ብድር መሣሪያ ነው። በቢላዋ ሽንኩርት ይከተፍበታል፤ ያልተጠነቀቀ ደግሞ እጁን ይቆረጥበታል። ጥንቃቄው የሚጀምረው ከወለዱ ነው። እስቲ እናስላ።

አንዲት ሴት 12,000 ብር ለ12 ወር ተበደረች እንበል። በየወሩ ከዋናው 1,000 ብር ትመልሳለች። ወለዱ በዓመት ከመቶ 18፣ ማለትም በወር ከመቶው ብር 1 ብር ከ50 ነው።

አንደኛው አበዳሪ ወለዱን ሁልጊዜ በመጀመሪያው 12,000 ብር ላይ ያሰላል። በወር 180 ብር፤ በ12 ወር 2,160 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው አበዳሪ የሚያሰላው በቀረው ዕዳ ላይ ነው። በመጀመሪያው ወር 180 ብር፤ በሁለተኛው ወር ዕዳው 11,000 ስለሆነ 165 ብር፤ በሦስተኛው 150 ብር፤ እንዲህ በ15 ብር እየቀነሰ በመጨረሻው ወር 15 ብር ብቻ ይሆናል። ሲደመር 1,170 ብር።

ልብ በሉ! ሁለቱም ውሎች «ከመቶ 18» ይላሉ። ልዩነቱ ግን 990 ብር ነው። ለምን? በመጀመሪያው ውል ሴትዮዋ መልሳ ለሰጠችው ገንዘብም ወለድ ትከፍላለችና ነው።

ስለዚህ አሻራ ከማኖራችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ወለዱ የሚሰላው በዋናው ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ? ከወለዱ ሌላ የአገልግሎት ክፍያ ወይም የግዴታ ቁጠባ አለ? የቡድን ጓደኛ ባይከፍል ማን ይከፍላል? የክፍያው ቀን ከመከሩ ወይም ከገበያው ጋር ይገጥማል? መልሱ በቃል ብቻ ሳይሆን በውሉ ላይ ተጽፎ ይታያችሁ።

መልመጃ፦ 6,000 ብር ለ6 ወር፤ በየወሩ ከዋናው 1,000 ብር ይመለሳል፤ ወለዱ በወር ከመቶ 2። በሁለቱም መንገድ አስሉና ልዩነቱን ጻፉ። 300 ብር ያገኘ ትምህርቱ ገብቶታል፤ ያላገኘ ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ እንደገና ይደምር። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።