ዲግሪ ይዘው አንጥረኛ ዘንድ የገቡት ወይዘሮ ዓዛ ፈህሚ

ሰርግ በመጣ ቁጥር በየቤታችን የወርቅና የብር ወሬ ይደራል። ለሙሽራይቱ መህር ስንት ግራም ተቆረጠላት፣ አምባሩ ምን ያህል ይመዝናል፣ ቀለበቱ ከየት ተገዛ እንባባላለን። ጌጡን የሠራው እጅ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እንዲያውም በአገራችን ብረትና ብር የሚያቀልጠው ባለሙያ «ቀጥቃጭ» እየተባለ ሲናቅ፣ «ቡዳ» እየተባለም ሲሸሽ ኖሯል። ጌጡን በአንገታችን ላይ እያንጠለጠልን ሠሪውን ከማዕዳችን አርቀናል።

ይህ ንቀት ከዲናችን የመጣ አይደለም። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት ተገርቶላቸው ጥሩር ይሠሩ እንደነበር፣ ቀለበቶቹንም መጥነው እንዲያያይዙ መታዘዛቸው በቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ ሰበእ ተወስቷል። ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በእጁ ሠርቶ ከሚያገኘው የተሻለ ምግብ እንደሌለ ሲያስተምሩ በምሳሌነት ያነሱት እኚህኑ ነቢይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናስተዋውቃችሁ ወይዘሮ ዓዛ ፈህሚ የተባሉትን ግብጻዊት የጌጣጌጥ ባለሙያ ነው። የሕይወት ታሪካቸው ለወላጆችም ሆነ ሙያ ፍለጋ ላይ ላሉ ወጣት እህቶቻችን የሚጠቅም ነገር አለው።

ከመሥሪያ ቤት ወንበር ወደ ወናፉ

ወይዘሮ ዓዛ የተወለዱት እ.ኤ.አ በ1940ዎቹ በላይኛው ግብጽ፣ በሶሃግ ነው። በልጅነታቸው አባታቸው በሞት ሲለዩአቸው ቤተሰቡ በካይሮ አጠገብ ወደምትገኘው ሐልዋን ተዛወረ። ኋላም ካይሮ ውስጥ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የቤት ውስጥ ዲዛይን ተምረው ተመረቁና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጻሕፍት ሥዕል ሠሪ ሆነው ተቀጠሩ። ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚያስገኝ፣ ወላጅ ሁሉ ለሴት ልጁ የሚመኘው ዓይነት ሥራ ነበር።

እ.ኤ.አ በ1969 የካይሮ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። እርሳቸውም እዚያ ሲዘዋወሩ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተሠሩ ጌጣጌጦችን የሚያሳይ መጽሐፍ አገኙ። ዋጋው ለአንድ ደመወዝተኛ ከባድ ቢሆንም ገዙት። መጽሐፉን ካገላበጡ በኋላ ግን ሥዕሉን ማየት ብቻ አላረካቸውም፤ ብረቱን ራሳቸው መቁረጥና ማጠፍ ፈለጉ።

ይህንን የሚያስተምር ሰው የሚገኘው በኻን አል-ኸሊሊ ነበር። ይህ በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተቆረቆረ ገበያ በአል-አዝሐርና በሰይዲና ሑሴይን መስጊዶች አካባቢ የሚገኝ ሲሆን፣ በጠባብ መተላለፊያዎቹ ውስጥ አንጥረኞች፣ መዳብ ቀራጮችና የዕንቁ ነጋዴዎች ተጠጋግተው ይሠራሉ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ ተለማማጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እሳት እያራገበ የሚያድግበት የወንዶች ሰፈር ነው። ወጣቷ ዓዛ ዲግሪያቸውን ወደ ጎን አድርገው ከአንድ ነባር አንጥረኛ ዘንድ ተለማማጅ ሆነው ገቡ። በዚያ ገበያ ሙያውን በተለማማጅነት የተማሩ የመጀመሪያዋ ሴት ተብለው የሚታወቁትም በዚህ ነው። የመንግሥት ሥራቸውን ወዲያው አልጣሉም፤ ከመሥሪያ ቤት ሲወጡ ወደ አንጥረኛው ቤት ይሄዱ ነበር።

ከልጆቹ ጋር እኩል መሬት ይዞ መጀመር ለተማረ ሰው ቀላል አይደለም። ያን ጊዜ ካይሮ ቀርቶ ዛሬ በእኛ ሰፈር አንዲት ምሩቅ ልጅ እንዲህ ብታደርግ ምን እንደምንላት እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

ስስ ሥራ እንዴት ይሠራል?

ስስ ጌጥ ዓይን ሲያየው ቀላል ይመስላል። ጥሩ ብር ብቻውን ለስላሳ በመሆኑ በቀላሉ ይጣመማል። ስለዚህ ከ1000 እጅ 925 እጁ ብር፣ የቀረው ብዙውን ጊዜ መዳብ ይደረጋል። የሽቦ ሥራ ሲሆን ብሩ ቀልጦ ዘንግ ይወጣውና፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚሄዱ ቀዳዳዎች ባሉት የብረት ሰሌዳ ውስጥ በየተራ እየተሳበ ይቀጥናል። በተሳበ ቁጥር ስለሚጠጥር በመሐሉ እሳት እያሳዩ ማለስለስ ያስፈልጋል። እሳቱ ከበዛ ሽቦው በአንድ አፍታ ቀልጦ የሰዓታት ልፋት ይጠፋል። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተጋምደውና ተዳምጠው በወረንጦ እየተጠማዘዙ በአበባና በቅጠል መልክ ይደረደራሉ፤ በመጨረሻም በቀላሉ በሚቀልጥ ቅይጥ ይበየዳሉ። የሐረር ብር አንጥረኞችን ሥራ ያየ ሰው ይህንን ጥበብ በደንብ ያውቀዋል።

ወይዘሮ ዓዛ በይበልጥ የሚታወቁት ግን ብርን ከባለ 18 ካራት ወርቅ ጋር አጣምረው በመሥራትና የዐረብኛ ጽሕፈትን ጌጥ በማድረግ ነው። ጽሕፈቱ በቀጭን መጋዝ በእጅ ሲፈለፈል ራሱን የቻለ ችግር አለው። የዐረብኛ ፊደላት ነጥቦች ከፊደሉ የተነጠሉ ናቸው፤ ዙሪያቸው ሲቆረጥ የሚይዛቸው ስለሌለ ይወድቃሉ። ስለዚህ ሠሪው ነጥቡን ከጎረቤት ፊደል ጫፍ ወይም ከጠርዙ ጋር የሚያገናኝበትን መላ ቃሉ ሳይበላሽ አስቀድሞ መሳል አለበት። የጽሕፈት ጥበብ ዕውቀትና የአንጥረኛ እጅ አንድ ላይ የሚፈለጉት እዚህ ላይ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት

በ1970ዎቹ አጋማሽ ወይዘሮ ዓዛ በብሪቲሽ ካውንስል የትምህርት ዕድል ለንደን ሄደው የጌጣጌጥ ሥራን በዘመናዊ መልክ ተማሩ። የራሳቸውን መሸጫ የከፈቱት ደግሞ በ1981 ነው። መጽሐፉን ከገዙበት ቀን አንስቶ ሲቆጠር አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ወጣቶች ሆይ፣ በስድስት ወር ሥልጠና ባለሙያ ለመባል ስንቸኩል ይህን ቁጥር ብናስታውስ ጥሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ የግብጽን ባሕላዊ ጌጣጌጥ ከበረሃ ዘላኖች፣ ከኑብያ መንደሮችና ከአባይ ሸለቆ ገበሬዎች ዘንድ እየዞሩ አጥንተው በ2007 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በ2012 የብሪታንያ ሙዚየም ስለ ሐጅ ታላቅ ዐውደ ርእይ ባዘጋጀ ጊዜ ከዚያው ጋር የተያያዙ ጌጣጌጦችን ሠርተዋል። በ2013 ደግሞ ከጣሊያን ፍሎረንስ ከተማ የጌጣጌጥ ትምህርት ቤት ጋር በመተባበር በካይሮ የዲዛይን ማስተማሪያ ከፍተዋል። በወናፍ ዳር የተማሩትን በክፍል ውስጥ ለወጣቶች እንዲዳረስ ማድረጋቸው ነው። ሁለት ሴት ልጆቻቸውም አንደኛዋ በአስተዳደሩ፣ ሌላዋ በዲዛይኑ የእናታቸውን ሥራ ተቀላቅለዋል።

ስናጌጥ ልብ የምንለው

ጌጥ ካነሳን አይቀር ጥቂት ነጥቦችን እናስታውስ። ወርቅ ለሴቶቻችን የተፈቀደ፣ ለወንዶች ግን የተከለከለ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስማቸውና መልእክተኝነታቸው የተቀረጸበት የብር ቀለበት ነበራቸው፤ ለነገሥታት የሚጽፉትን ደብዳቤም ያትሙበት ነበር። ይህም በጌጥ ላይ ጽሕፈት መቅረጽ ከጥንትም እንደነበረ ያሳየናል። የአላህ ስም ወይም የቁርኣን አንቀጽ ያለበትን ጌጥ ግን ወደ መጸዳጃ ቤት ይዞ አለመግባትና በክብር ማስቀመጥ ያሻል።

በግብጽም እንደ እኛው አገር ለዓይን ወይም ለዛር ተብሎ የሚታሰር ብር አለ። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ጌጥ ለታሪክ ሲሉ ቢመዘግቡት ዕውቀት ነው። ይጠብቀኛል ብሎ በአንገት ማሰር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጠባቂው አላህ (ሱ.ወ) ብቻ ነው።

ሌላው ዘካ ነው። ሴት ለምታጌጥበት ወርቅ ዘካ ግዴታ መሆኑን የሐነፊ መዝሀብ ሲያጸና፣ ብዙዎቹ የሌሎች መዝሀቦች ዑለሞች ግን ለጌጥ በሚለበሰው ላይ ግዴታ አያደርጉትም። ለማስቀመጫ የተያዘ ወርቅ ግን 85 ግራም ጥሩ ወርቅ ሞልቶ ዓመት ከዞረው ዘካ አለበት። ስሌቱ በካራት መሆኑ አይዘንጋ፤ 100 ግራም ባለ 18 ካራት ወርቅ ውስጥ ያለው ጥሩ ወርቅ 75 ግራም ነው። የየቤታችሁን ሁኔታ በአቅራቢያችሁ ያሉ ዑለሞችን ጠይቁ።

ለወላጆች

ልጅዎ በወረቀት ላይ አበባ ስትስል፣ ዶቃ ስትሰካ፣ ሽቦ ስታጣምም ብታገኟት «ከትምህርትሽ አትዘናጊ» ከማለታችሁ በፊት ጥቂት ተመልከቷት። ትምህርቷ ይቀጥል፤ እጇም ይፈታ። ወይዘሮ ዓዛ ሁለቱን አጣምረው ይዘዋል፤ ኮሌጁ መሳል አስተማራቸው፣ አንጥረኛው ደግሞ መሥራት። በየከተማችን ደግሞ ሙያቸውን የሚወርስ አጥተው መዶሻቸውን ሊያስቀምጡ የተቃረቡ አዛውንት አንጥረኞች አሉ። ልጆቻችንን ወስደን ብናስተዋውቃቸው፣ እኛም ለሥራቸው ተገቢውን ዋጋና አክብሮት ብንሰጥ ሙያውን ከመጥፋት እናድነዋለን። አላህ በሐላል እጅ ሥራ የሚያድር ትውልድ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።