ተጨማሪ መረጃ፦ በ10 ዓመት ውስጥ 15 ዓመት ያረጁ ሰዎች

የዘር ሐረጉን መቁጠር የሚፈልግ አየርላንዳዊ በቅድሚያ የሚያየው እ.ኤ.አ. በ1901 እና በ1911 የተካሄዱትን የሕዝብ ቆጠራዎች ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሁለቱንም በኢንተርኔት በነፃ አቅርቧቸዋል። ስምና የመኖሪያ አውራጃ ሲገባ ዋናው ቅጽ ከነአባወራው ፊርማ ይመጣል፤ የቤተሰቡ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ሥራ፣ ማንበብና መጻፍ መቻል ሁሉ ሰፍሮበታል። የ1911ዱ ቅጽ ያገቡ ሴቶች ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ጭምር ይጠይቃል።

ከዚያ በፊት የነበረው አብዛኛው ጠፍቷል። ከ1821 እስከ 1851 የተሰበሰበው በ1922 በደብሊን በተነሳው የእርስ በርስ ጦርነት ተቃጠለ። የ1861 እና የ1871ን ግን ያስወገደው መንግሥት ራሱ ነው!

በተረፉት ላይም ዕድሜን በጥርጣሬ ማየት ይገባል። በመጀመሪያው ቆጠራ 55 ዓመት የሞላት ሴት በሁለተኛው 70 ሆና ልትገኝ ትችላለች። ምክንያቱ ጡረታ ነው፦ ከ1909 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላቸው ይከፈል ነበር። የልደት ምዝገባ የተጀመረው ደግሞ በ1864 ስለሆነ፣ አዛውንቶቹን የሚያጋልጥ የልደት የምስክር ወረቀት አልነበረም። ስለዚህ የትውልድ ዓመት የሚፈልግ ሰው የ1901ዱን ዕድሜ ቢይዝ ይሻለዋል።