በሽታውና ክልከላው በአንድ ሚዛን

አንባቢ ሆይ፤ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከኃይሌ ጋርመንት አካባቢ የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ሽንኩርት ሸምተው ያውቁ ይሆናል። ገበያው ከፒያሳ ተነሥቶ እዚያ ድረስ እንዴት እንደ ወረደ ጠይቀው ያውቃሉን? ነገሩ እንዲህ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። በፒያሳው አትክልት ተራ ሻጭና ገዢ እየተጋፋ ይገበያይ ነበርና ነገሩ አሳሳቢ ሆነ። ገበያው ቢዘጋ የገበሬው ምርት ይበሰብሳል፤ ተሸካሚውም የዕለት እንጀራውን ያጣል። እንዳለ ቢተው ደግሞ በሽታው ይዛመታል። ስለዚህ ገበያው ሳይዘጋ ሰፋ ወዳለው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በክረምቱ ጭቃ ነጋዴውም ገዢውም ተማረረ። በ2013 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል በፊት ግን ሜዳው ተለቆ ገበያው ወደ ላፍቶ ወረደ።

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም በዚሁ መንገድ የሄደ ነበር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጥ አልተባለም። ዕለቱን ሠርቶ ዕለቱን የሚበላው ብዙ ነውና። አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ታዘዘ።

ይሁንና ክልከላው ያለ ዋጋ አልመጣም። ታክሲ በግማሽ ሰው እንዲጭን ሲደረግ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፤ ከጀሞ ተነሥቶ ለቀን ሥራ የሚወጣው ሰው ከዳቦው ቀንሶ ከፈለ። ከመጋቢት 7 ቀን ጀምሮ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድረስ አልተከፈቱም። ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰጥ፣ ሁለቱም በቤቱ የሌለው ልጅ ምን ሊማር ይችል ነበር? ከመንግሥት ሠራተኞች ብዙዎቹ ግን ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ቤታቸው ተቀመጡ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም እንደሚባለው፣ ክልከላ የሚቀለው ለባለ ደመወዝ ነው።

እንግዲያስ ክልከላው ከነጭራሹ ባይኖር ይሻል ነበር ይላሉን? አይቸኩሉ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ሲገባ ቀባሪ እስከ መታጣት ተደረሰ፤ በከተማይቱ ብቻ ብዙ ሺሕ ሰው አለቀ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። ያልተገታ በሽታ ራሱ ገበያ ይዘጋል፤ ሥራም ያስፈታል። በኮሮናም ቢሆን በአገራችን በምርመራ የተረጋገጠው ሟች ብቻ ከ7,500 በላይ ነው።

ልዩነቱ ይህ ነው፤ የበሽታው ሟች በየቀኑ ተቆጥሮ በራዲዮ ይነገር ነበር። ትምህርቱን ያቋረጠውንና የዕለት ገቢውን ያጣውን ግን በየምሽቱ የሚቆጥርለት አልነበረም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ነገ እርስዎ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠው መመሪያ የሚያረቁ ቢሆን ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ይህ ክልከላ ስንቱን ከበሽታ ያድናል? እንጀራውን የሚያጣውስ ማን ነው፤ ምንስ ይሰጠዋል? ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ፊርማዎን አያኑሩ።