የጠፈር ቀልድ መሳል ያማራችሁ... ደመወዛችሁን ሳትለቁ!

በደብተር ጀርባ ሮቦት የሚስል፣ ፊልም አይቶ ሲመለስ የአክተሩን ድምፅ አስመስሎ ጓደኞቹን የሚያስቅ ልጅ የሌለበት ሰፈር የለም። እንዲህ ያለው ልጅ አንድ ቀን «ለምን የራሴን የጠፈር ካርቱን እየሣልኩ በኢንተርኔት አለቅም?» የሚል ሐሳብ ሽው ይልበታል። ጎሽ! ሐሳቡ ግሩም ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ «ሠዓሊ ሆኛለሁ» ብሎ ሥራውን ይለቅና በወሩ የቤት ኪራይ ያፋጥጠዋል። ሌላዋ አምስት ሥዕል አውጥታ ድምጿ ይጠፋል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለት ጓደኞቹ በቀር ቀልዱ የሚገባው ሰው ያጣል። እስቲ ዛሬ በዚህ ላይ እንጫወት።

ሃያ ዓመት በየቀኑ!

«ሽሎክ መርሰነሪ» የሚባል የአሜሪካ የኢንተርኔት ካርቱን አለ። በ31ኛው ክፍለ ዘመን ስለሚኖሩ ቅጥረኛ ወታደሮች የሚያወራ፣ ከተኩሱ ቀልዱ የሚበዛ የጠፈር ታሪክ ነው። ስሙን የሰጠው ሻምበል ባሻ መሳይ ጀግና እጅና እግሩ የማይለይ፣ እንደ ተደፋ ሊጥ ያለ ፍጡር ነው። (ለመሳል ምን ያህል እንደሚቀል አስቡት!)

የዚህ ካርቱን ባለቤት በሥዕል የተመረቀ እንዳይመስላችሁ። የተማረው ሙዚቃ ሲሆን፣ እንጀራውን የሚበላው በሶፍትዌር ኩባንያ ተቀጥሮ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 12 ቀን 2000 ካርቱኑን ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች ያየ ሰው «ይሄማ እኔም እችላለሁ» ቢል አይፈረድበትም። ሰውዬው ግን እስከ ጁላይ 24 ቀን 2020 ድረስ በየቀኑ አወጣ። ቢቆጠር ከ7300 ቀን በላይ ነው! እጁም እየፈታ፣ ሥዕሉም እያማረ ሄደ። ከ2009 እስከ 2013 ለ5 ተከታታይ ዓመታት፣ በሳይንስ ልብ ወለድ ዓለም ትልቅ ስም ላለው ለሁጎ ሽልማት ታጨ።

ልብ በሉ፣ ሥራውን የለቀቀው በ2004 ነው። አራት ዓመት ሙሉ ደመወዙንም ካርቱኑንም ይዞ ነበር ማለት ነው። ሚስትና ልጆች አሉት፤ በቀልድ ብቻ ጉሮሮ አይዘጋም። ካርቱኑን ያነበበ ሁሉ በነፃ ነው ያነበበው። ገንዘቡ የመጣው ስብስቡን በመጽሐፍ እያሳተመ ከመሸጥና ከመሳሰሉት ነው። የኅትመቱንና የሽያጩን ጣጣ ደግሞ ሚስቱ ይዛለት ነበር።

ስንቅ ያዙ

ለመሆኑ ሰው ታሞ፣ እንግዳ መጥቶበት፣ መብራት ጠፍቶበት እንዴት በየቀኑ ያወጣል? ምስጢሩ ስንቅ ነው። ሰውዬው ገና ተራቸው ያልደረሰ ሥዕሎች አስቀድሞ ሠርቶ ያስቀምጥ ነበር። እናንተም የመጀመሪያውን ከመልቀቃችሁ በፊት 15 ወይም 20 ያህል አዘጋጁ። በየቀኑ ብላችሁም አትፎክሩ። ሰኞና ሐሙስ ካላችሁ፣ ሰኞና ሐሙስ ይሁን። በዓመት 104 ሥዕል ይሆናል፤ ቀላል ነው እንዴ? አንባቢ የሚቀየመው ሥዕሉ ሲያንሰው ሳይሆን ቀጠሮው ሲፈርስበት ነው።

«እኔ እኮ መሳል አልችልም»

ኤክስ ኬ ሲ ዲ የተባለው ዝነኛ ካርቱን ሰዎቹ ራሳቸው ክብ፣ ገላቸው መስመር ነው፤ ዓይንና አፍ እንኳ የላቸውም። ያም ሆኖ «ታይም» የተሰኘው ሥራው፣ ከ3000 በላይ ሥዕሎችን አንዱን በሌላው እየተካ በ2013 የወጣው ማለት ነው፣ በ2014 የሁጎ ሽልማትን ወሰደ። ዋናው ቁም ነገር ገጸ ባሕርያችሁ በየሣጥኑ ያው ሰው መሆኑ መታወቁ ነው። አንዱን ባርኔጣ፣ አንዷን ረጅም ፀጉር ብትሰጧቸው ይበቃል። ደግሞ መጀመሪያ ቃሉን ጻፉ፣ ከዚያ ሰዉን ሣሉ። ያለዚያ ፊደሉ ቦታ ያጣና በስልክ የሚያነበው ሰው ዓይኑን ሲያጨናብስ ይውላል።

የፊልም ቀልድ ጨው ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የጠፈር ቀልድ ያለ ፊልም ጨዋታ አይደምቅም። ለምሳሌ በ1966 በጀመረው «ስታር ትሬክ» ቀይ ሸሚዝ የለበሱ ተራ መርከበኞች ቶሎ ቶሎ ስለሚሞቱ፣ ነገሩ በዓለም ዙሪያ መቀለጃ ሆኗል። ይህን በአራት ሣጥን እንሥራው። በአንደኛው አለቅየው ለአዲሱ ምልምል ቀይ ሸሚዝ ይሰጠዋል። በሁለተኛው ምልምሉ «ሌላ ቀለም የለም?» ይላል። በሦስተኛው አለቅየው «ምነው? አዲስ እኮ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የተለበሰው» ይለዋል። በአራተኛው ምልምሉ ደረቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ጣቱን አሾልኮ ዝም ይላል።

«ስታር ትሬክ»ን የሚያውቅ ሁለት ጊዜ ይስቃል። የማያውቅም ቀዳዳውን አይቶ ይስቃል። ፈተናው ይሄው ነው! ሥዕሉን ፊልሙን ላላየች ታላቅ እህታችሁ አሳዩአት። ዝም ካለችና «እንዲህ የሚል ፊልም አለ፣ እሱ ላይ...» እያላችሁ ማብራራት ከጀመራችሁ ቀልዱ ሞቷል። ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ የተባለው ለዚህም ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። «ሽሎክ መርሰነሪ» ውስጥ ስለ ውጤታማ ሰዎች ሰባት ልማዶች በሚያትተው ታዋቂ መጽሐፍ ርዕስ ላይ የተቀለደ የሕግጋት መጽሐፍ ነበር። የንግድ ምልክት ጉዳይ መጣና ስሙ ተቀየረ። በኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። በሰው ፊልም መቀለድ ሌላ፣ የሰውን ገጸ ባሕርይ ገልብጦ ቲሸርት ላይ መሸጥ ሌላ። አዋጁ ነገ እናንተንም ከገልባጭ የሚጠብቅ ነውና አትናቁት።

ታዲያ ሥራ የሚለቀቀው መቼ ነው? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ካርቱኑ የቤት ኪራዩን ለስድስት ወር በተከታታይ ከከፈለ በኋላ ነው። እስከዚያ ቀን ለአለቃችሁ፣ ማታ ለጠፈር መርከባችሁ ሥሩ። አለቃችሁ የሚያናድድ ከሆነማ እሰየው! የመርከቡን ካፒቴን ከየት ታመጡት ነበር?