ፓምፕ የሚፈታበት ወቅት

ጅቡቲ ከተማ የሚያንዘፈዝፍ ብርድ አታውቅም። በጥር የቀኑ ሙቀት 29 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በሐምሌ 41 ይደርሳል። ብርዱ በሚከፋበት አገር ከብት አርቢው የሚቸገረው ናፍጣው ረግቶ ትራክተሩ አልነሳ ሲል፣ የገንዳው ውሃም በረዶ ሲሆን ነው። እዚህ ግን ቀዝቀዝ ያሉት ወራት ለማሽንም ለከብትም ይመቻሉ፤ ስለዚህ ብልሽትን መርሳት ይቀላል። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ማሽን ተፈትቶ የሚታይበት እንጂ እስኪቆም ድረስ የሚነዳበት መሆን የለበትም።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ባለው የዳመርጆግ የእንስሳት ማቆያ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2000 ከአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳት እንዳይገቡ አግዳ ነበር፤ ማቆያው በ2006 ሥራ ሲጀምር ንግዱ መንገድ አገኘ። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የሚመጡ ከብቶች፣ ግመሎች፣ በጎችና ፍየሎች ተመርምረው መርከብ እስኪጫኑ እዚያ ይቆያሉ። አርብቶ አደር ጉድጓዱ ቢነጥፍበት ከብቱን ነድቶ ሌላ ውሃ ይፈልጋል። ማቆያ የገባ በሬ ግን ከአጥሩ አይወጣም። መኖውም ውሃውም ያለበት ድረስ ሊመጣለት ይገባል።

ከሁለቱ የሚያሰጋው ውሃው ነው። 270 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የሚደልብ በሬ አየሩ 21 ዲግሪ ሲሆን በቀን 33 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ 32 ዲግሪ ሲገባ 54 ሊትር ገደማ። ሺህ በሬ ላለው ሰው ይህ ከ33 ቶን ወደ 54 ቶን መዝለል ነው። የዚያው መንጋ የቀን መኖ ግን ከስምንት ቶን ብዙ አይርቅም። የድርቆሽ መክተፊያው ቺንጋ ቢበጠስ ሠራተኞች እስሩን ፈተው በእጃቸው ይበትኑታል፤ ፉርሽካውንም በጆንያ ይሸከማሉ። ሃምሳ ቶን ውሃ በጄሪካን የሚያመላልስ ግን የለም። ገንዘቡ ለአንድ መጠባበቂያ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እንግዲህ ለመክተፊያው ሳይሆን ለፓምፑ ይዋል።

ፓምፕ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ አይሞትም። የባሕሩ ጨዋማ አየር ብረቱን ይበላዋል፤ ዘንጉ ላይ ውሃ የሚከለክለው ጎማ ሲያረጅ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ጠብታው የኩሽኔታውን ግራሶ ያጥባል፣ ኩሽኔታው ማፏጨት ያመጣል፣ እጅ ሲያስነኩት ያቃጥላል። በጥር፣ ከብቱ ትንሽ በሚጠጣበት ወቅት፣ ይህን ለመቀየር ግማሽ ቀን ፓምፑን ማቆም ይቻላል። በሐምሌ አይቻልም። መለዋወጫው አስቀድሞ በእጅ ከሌለ ደግሞ በጥርም አይቻልም። ጫት ከኢትዮጵያ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ ከተማዋ ይገባል፤ ኩሽኔታ እንዲህ ያለ ክብር የለውም።

ለወራት ሳይሠራ ለሚቀመጥ ሁለተኛ ፓምፕ ገንዘብ ማሰር ኪሳራ ነው የሚል ነጋዴ ከአመክንዮ የራቀ አይደለም። እንዲያውም በዚህ አየር ያልሠራ ማሽን ከሠራው ቀድሞ ይዝጋል። መልሱ ግን ሁለቱን አንድ ዓይነት ገዝቶ በየሳምንቱ ማፈራረቅ ነው፤ ያን ጊዜ አንዱ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ይህም ከበዛበት ከፍታ ላይ የተተከለ የሁለት ቀን ውሃ የሚይዝ ታንከር አለ፤ ውሃው በራሱ ክብደት ስለሚወርድ በመብራት መጥፋትም አይቆምም። በቦቴ እናስመጣለን የሚለው መከራከሪያ ደከም ያለ ነው። አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ ለሺህ በሬ በሙቀት ወቅት በቀን ስድስት ጊዜ ሊመላለስ ነው፤ ቦቴውም ራሱ ሞተር አለው፣ ጎማውም ይፈነዳል።

ጠንካራው ተቃውሞ ከገበያው የሚመጣ ነው። ሥራው የሚበዛው ለአረፋ መሥዋዕት በሚጫንበት ሰሞን ነው፤ ሰሞኑ ሲደርስ ማሽን የሚፈታ የለም። በቅርብ ዓመታት ይህ ብዙም አላጋጨም፤ በ2024 በዓሉ የዋለው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነበር። የእስልምና አቆጣጠር ግን በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2030ዎቹ መጀመሪያ በዓሉ ወደ መጋቢት፣ ቀጥሎም ወደ የካቲት ይገባል። ያን ጊዜ ማቆያዎች የሚሞሉት ዛሬ ፓምፕ ለመፍታት በሚመቹት ወራት ነው፤ ጥገናውም ወደ ሙቀቱ ይገፋል። አንድ ፓምፕ ብቻ ያለው ሰው በ41 ዲግሪ ላይ ሊያቆመው ስለማይችል፣ ሁለተኛውን መግዛት ያለበት ከዚያ በፊት ነው።