ሸክሙ ትከሻ ላይ አይደለም

ዛሬ ጠዋት የለበስሽውን ጡት ማስያዣ እስቲ እንፈትነው። ከኋላ ያለውን መንጠቆ ሳትነኪ ሁለቱንም ማንገቻዎች ከትከሻሽ ላይ አውርጂያቸው።

ጡትሽ ከቦታው ብዙም ካልተነቃነቀ ልክሽን ለብሰሻል። ዘጭ ካለ ዙሪያው ሰፍቶሻል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ተሸካሚው ማንገቻው ስለሚመስለን፣ በወረደብን ቁጥር እሱኑ እያሳጠርን ትከሻችንን እናስቆርጣለን። ዋናውን ሸክም የሚችለው ግን ጎድንን ዞሮ የሚያዘው ላስቲክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የምትባል አሜሪካዊት የፈጠራ መብት ያገኘችበት ጡት ማስያዣ መነሻው ሁለት የሐር መሐረብና ጥብጣብ ነበር። ዛሬ ላይክራ የምንለው ክር የመጣው በ1958 ከዱፖንት ኩባንያ ነው። ስትተነፍሺ ጎድንሽ ይሰፋል፣ ክሩም አብሮ ይለጠጣል፤ ስታስወጪ አብሮ ይሰበሰባል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ይውላል፣ አንቺ ግን ልብም አትዪውም።

ልብ የምትዪው ጡትሽ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ነው።

በሲሊኮን ጡት ማስተለቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና የተካሄደው በ1962 በቴክሳስ፣ ሂውስተን ነው። ሐኪሙ በሲሊኮን ወይም በጨው ውሃ የተሞላ ከረጢት ከጡት ሥር፣ ብዙ ጊዜም ከደረት ጡንቻ በታች ያስገባል። ከዚያ ለታካሚዋ የሚሰጣት ጡት ማስያዣ ሽቦ የሌለው፣ ከፊት የሚከፈት፣ እውነቱን ለመናገር ምንም የማያምር ነው።

ሽቦው የቀረበት ምክንያት አለው። ከረጢቱን ለማስገባት ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከጡት ሥር ያለው እጥፋት ነው። ሽቦ የሚያርፈውስ የት ነው? እዚያው፣ ቁስሉ ላይ።

ከፊት የሚከፈተው ለምን እንደሆነ በእጅሽ ታገኚዋለሽ። ቀኝ መዳፍሽን ከግራ ጡትሽ በላይ ደረትሽ ላይ አሳርፊ። አሁን በግራ እጅሽ ጠረጴዛውን ወደ ታች ግፊው። ከመዳፍሽ ሥር ጥንክር ያለው የደረትሽ ጡንቻ ነው። (ሰሞኑን ቀዶ ጥገና ያደረግሽ ከሆንሽ ይህንና ቀጣዩን ሙከራ ለእህትሽ ተዪላት።)

ከወንበር ተደግፈሽ ስትነሺ፣ ሊጥ ስታቦኪ፣ አክንባሎ ስታነሺ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ስኳር ስታወርጂ፣ ያ ጡንቻ ሥራ ላይ ነው። ከሥሩ አዲስ ከረጢት ካለ እያንዳንዷ እንቅስቃሴ ትሰማለች። እጅን ወደ ኋላ ጠምዝዞ መንጠቆ መፈለግማ አይታሰብም። ከአልጋ ስትነሺም በእጅሽ አትደገፊ፤ ጉልበትሽን አጥፈሽ በእግርሽ ኃይል ተነሺ። የሚያግዝሽ ሰው ካለ ጀርባሽን ይደግፍሽ እንጂ ክንድሽን አይጎትት።

ቀጣዩ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚመጣው እብጠት ነው። አንድ እጅሽን ወደ ታች አንጠልጥዪ፣ ሌላውን ወደ ላይ ዘርጊ። እስከ ሃምሳ ቁጠሪና ሁለቱን ጎን ለጎን እያቸው። የተንጠለጠለው እጅሽ ደም ሥሮቹ ተገትረዋል፤ ተነሥቶ የነበረው ላይ ግን ሟሽሸዋል።

ፈሳሽ ቁልቁለት ይወዳል። ቀዶ ጥገና የነካው አካል ፈሳሽ ስለሚቋጥር፣ ደረት ከፍ ሲል መውረጃ ያገኛል፤ ውጥረቱም ይቀንሳል። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጀርባ፣ ከወገብ በላይ ቀና ብሎ መተኛት የሚመከረው። ትራሱን ግን ከጭንቅላት ሥር ብቻ አትቆልዪው፤ አንገትሽን ያጥፋል እንጂ ደረትሽን አያነሣውም። ከወገብሽ ጀምረሽ እያዳፋሽ ደርድሪው። አንድ ትራስ ደግሞ ከጉልበትሽ ሥር አድርጊ፤ ሌሊት ወደ ታች አትንሸራተቺም።

ጡት ማስያዣው የቀረውን ይሠራል። እናቶቻችን ከወለዱ በኋላ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ እሱም በስሱ ይዞ የጡትን መወዛወዝ ይቀንሳል፤ ስፌቱም አይጎተትም። ከእናቶቻችን አንድ ነገር ግን አንውሰድ፤ እስኪያፍን ማጥበቅን። ጣትሽ ከላስቲኩ ሥር በቀላሉ ካልገባ ወይም ትንፋሽሽን ከያዘሽ ጠብቋል።

ብዙዎች ቀንም ሌሊትም፣ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ እንዲለብሱት ይነገራቸዋል። አንዳንድ ሐኪም ከጡት በላይ የሚታሰር ተጨማሪ ቀበቶ ያዛል፤ ጡት ማስያዣ ጨርሶ የማይፈልግም አለ። የጎረቤትሽን ሳይሆን የራስሽን ሐኪም ትእዛዝ ያዢ። ማስታገሻም ቢሆን ሳትጠይቂው አትዋጪ፤ አስፕሪን ደም መርጋትን ያዘገያል።

ጡትሽ በመጀመሪያ ከፍ ብሎና ጠንክሮ ታዪዋለሽ። ይህ የተለመደ ነው፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየለሰለሰ ወደ ቦታው ይወርዳል። ስለዚህ ያንን ባለዳንቴል ውድ ጡት ማስያዣ ለመግዛት አትቸኩዪ፤ ልክሽ ገና አልታወቀም።

አንዱ ጡት ከሌላው ተለይቶ በድንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከቁስሉ መግል ከወጣ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ለሐኪምሽ ደውዪ። ባትሽ ካበጠና ካመመሽ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።